የድንጋይ ጽሑፍ አንባቢን የሕይወት ታሪክ እንዴት እንጽፋለን? የኤኖ ሊትማን ምሳሌ

የንጉሥን ወይም የጦር መሪን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሚተርከው አያጣም፤ ባለታሪኩ የሠራው ሁሉ በዐደባባይ የተሠራ ነውና። ዕድሜውን በሙሉ በድንጋይ ላይ የተቀረጹ ፊደላትን ሲመረምር የኖረ ሊቅ ግን አብዛኛውን ቀኑን ከወረቀት ጋር ያሳለፈ ስለሆነ፣ ታሪኩ በተለመደው መንገድ ሲጻፍ የትውልድ ቀን፣ የተማረባቸው ከተሞች፣ የያዛቸው የዩኒቨርሲቲ ወንበሮችና ያሳተማቸው መጻሕፍት ተራ በተራ ተደርድረውበት ያልቃል። አንባቢው ሰውየው ሊቅ እንደ ነበረ ይነገረዋል እንጂ ሊቅነቱ በምን እንደ ተገለጠ አይገባውም። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ሕይወት በአማርኛ ለመጻፍ ለሚነሣ ተማሪ፣ መምህር ወይም ጋዜጠኛ የተዘጋጀ ነው።

ምሳሌ አድርጌ የምወስደው ጀርመናዊውን ኤኖ ሊትማንን ነው። ሊትማን በሶርያ በረሃ ዘላኖች የጻፏቸውን ጽሑፎች ፊደል ፈትተው የጨረሱ፣ አንድ ሺህ አንድ ሌሊትን ከዐረብኛ ወደ ጀርመንኛ የመለሱ፣ በ1906 ደግሞ የጀርመንን የአክሱም ጉዞ መርተው የአክሱም ነገሥታትን ጽሑፎች በአንድ ጥራዝ ያሳተሙ ሰው ናቸው። ስለ ኢዛና በትምህርት ቤት የተማርነው ብዙው ነገር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ በእርሳቸው ንባብ በኩል ያለፈ ነው፤ ሆኖም ስለ ሰውየው በአማርኛ የተጻፈው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ዋናው ምክሬ አንድ ነው። ታሪኩን ከሰውየው ልደት አይጀምሩ፤ ሰውየው ካነበቡት አንድ ድንጋይ ይጀምሩ፤ ሕይወቱንም በድንጋዩ ዙሪያ ይገንቡ።

ድንጋዩን መምረጥና ታሪኩን መከተል

የሚመርጡት ጽሑፍ በአካል ሄደው ሊያዩት የሚችሉት ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነም ግልጽ ፎቶግራፍ ያለው ይሁን። ለእኛ ቅርብ የሆነው የንጉሥ ኢዛና በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የተቀረጸው ድንጋይ ነው። ንጉሡ ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን በቤጃዎች ላይ እንዳዘመተ ይናገራል። አንዱ ጽሑፍ በግሪክኛ ነው፤ ሁለተኛው በግእዝ ቋንቋ፣ አናባቢ ገና ባልተጨመረበት የግእዝ ፊደል ነው፤ ሦስተኛው በደቡብ ዐረቢያ ፊደል ተጽፏል። ብዙ ጊዜ «በሦስት ቋንቋ የተጻፈ» ሲባል እንሰማለን፤ ነገር ግን ሦስተኛው ጽሑፍ ያንን የደቡብ ዐረቢያ (የሳባ) ፊደልና አንዳንድ የሳባ ቋንቋን የቃል መድረሻ ለብሶ የቀረበ ግእዝ ነው። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ያልተረዳ ጸሐፊ ሊትማን በዚያ ድንጋይ ፊት ቆመው ምን እንደ ሠሩ ለአንባቢው ሊያስረዳ አይችልም፤ ስለዚህ አንድ መስመር ከመጻፍዎ በፊት ሦስቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርገው ከትርጉማቸው ጋር ያንብቡ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚጠየቀው «ከእርሳቸው በፊት ማን አየው?» የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 ወደ አክሱም መጥተው የግሪክኛውን ጽሑፍ ገለበጡ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1833 አናባቢ ያላቸውን የግእዝ ጽሑፎች ገለበጡ። ቴዎዶር ቤንት በ1893 በእርጥብ ወረቀት እየተጫኑ የጽሑፎቹን ቅጂ ወሰዱ፤ የቪየናው ሊቅ ዳቪድ ሃይንሪሽ ሚውለርም በእነዚያ የወረቀት ቅጂዎች ላይ ተመሥርተው በ1894 አሳተሟቸው። እንግዲህ ሊትማን በጥር 1906 አክሱም ሲደርሱ ዋናዎቹ ድንጋዮች ለዓለም አዲስ አልነበሩም። የእርሳቸው ድርሻ ቀደም ሲል በችኮላ የተገለበጠውንና ከሩቅ በወረቀት የተነበበውን ድንጋዩ ራሱ ፊት ተቀምጦ እንደገና ማንበብ ነበር። ይህን ሰንሰለት በትክክል ያስቀመጠ ጸሐፊ ባለታሪኩን ያለ ልክ ከማግነንም ሆነ ከማሳነስ ይድናል። «ሊትማን የኢዛናን ድንጋይ አገኙ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ «ሊትማን ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ አርመው አንድ አስተማማኝ ንባብ አቆሙ» ማለት ግን እውነት ነው፤ ለአንድ ሊቅም ትልቅ ምስጋና ነው።

ሰንሰለቱ በእርሳቸው አይቋረጥም። በ1981 በአክሱም ገበሬዎች ተመሳሳይ መልእክት በሦስቱም አጻጻፍ የያዘ ሌላ ድንጋይ አገኙ። በ1991 ደግሞ በርናንድ፣ ድረወስና ሽናይደር የተባሉ ሊቃውንት የቅድመ አክሱምንና የአክሱምን ዘመን ጽሑፎች በአዲስ ስብስብ ማሳተም ጀመሩ፤ ለጽሑፎቹም አዲስ ቁጥር ሰጧቸው። ስለዚህ በሊትማን ጥራዝ ቁጥር 4 የሆነው የግሪክኛ ጽሑፍ በአዲሱ ስብስብ 270 ነው፤ ቁጥር 6 እና 7 በአንድነት 185 ሆነዋል፤ ቁጥር 11 ደግሞ 189 ነው። በኋላ ዘመን የወጡ ጥናቶች አንዱን ወይም ሌላውን ቁጥር ብቻ ስለሚጠቅሱ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ሁለቱንም የሚያሳይ ሰንጠረዥ ለራስዎ ያዘጋጁ፤ ያለዚያ ስለ ሁለት የተለያዩ ድንጋዮች የሚናገሩ እየመሰለዎት ስለ አንዱ ብቻ ሊጽፉ ይችላሉ።

ቁጥር 11ን በተለይ አጥብቀው እንዲያጠኑት እመክራለሁ፤ የሊቁ አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በእርሱ ላይ ነውና። በቀደሙት ጽሑፎች ኢዛና ራሱን የማሕረም፣ ማለትም ከክርስትና በፊት ይመለክ የነበረው የጦርነት አምላክ፣ ልጅ እያለ ይጠራል፤ በዚህኛው ግን በኖባ ላይ ያደረገውን ዘመቻ የሚተርከው «በኀይለ እግዚአ ሰማይ» ብሎ በመጀመር ነው። የክርስቶስም ሆነ የሥላሴ ስም አልተጠራም። ሊትማን ይህን ለውጥ የንጉሡ ክርስትና ማስረጃ አድርገው ተረዱት፤ ሌሎች ደግሞ አንድ አምላክ ማምለክን ብቻ እንጂ ክርስትናን አያሳይም ብለው ተከራከሩ። ሊትማን በ1958 ካረፉ በኋላ፣ በ1970፣ አብን ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በስም የሚጠራ የኢዛና የግሪክኛ ጽሑፍ ታትሞ ወጣ፤ ክርክሩም አዲስ ምስክር አገኘ። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለይቶ መያዝ አለበት። ሊትማን በ1913 በእጃቸው የነበረው ማስረጃ ምን ያህል እንደ ነበረ መጻፍ አንዱ ነው፤ ዛሬ የምናውቀውን ለአንባቢው መንገር ሌላው ነው። ሁለቱን የቀላቀለ እንደሆነ ሊቁን ወይ ነቢይ ያደርጋቸዋል፣ ወይ ሊያውቁት የማይችሉትን ባለማወቃቸው ይወቅሳቸዋል።

የመስኩን ሥራ ማሳየት

አንባቢ ከምንም በላይ የሚጓጓው ሥራው በእጅ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ለማወቅ ነው፤ ይህን ክፍል አያሳጥሩት። በዚያ ዘመን የድንጋይ ጽሑፍ የሚቀዳው ሙጫ ያልበዛበትን ወፍራም ወረቀት አርጥቦ በድንጋዩ ላይ በማልበስ፣ በብሩሽ እየደበደቡ ወረቀቱ በየፊደሉ ጎድጓዳ ውስጥ እስኪገባ ድረስ በመጫን፣ ከዚያም ሲደርቅ በጥንቃቄ በመላጥ ነበር። የደረቀው ወረቀት የድንጋዩን መልክ ከነጉድጓዱ ይዞ ስለሚቀር ወደ አውሮፓ ተጭኖ እንደገና ሊነበብ ይችላል። ነፋስና ዝናብ የሥራው ጠላቶች ነበሩ፤ ወረቀቱ ሳይደርቅ ነፋስ ከነሣው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ጉዞው የአንድ ሰው ሥራ እንዳልነበረም ይጻፉ። በ1905 የፍሪድሪሽ ሮዘን መልእክተኞች አዲስ አበባ መጥተው በጀርመንና በኢትዮጵያ መካከል ውል ከተፈረመ በኋላ፣ ዐፄ ምኒልክ በአክሱም ጥናት እንዲደረግ ፈቀዱ፤ ቄሣር ዊልሄልም ዳግማዊም ሊትማንን የጉዞው መሪ አድርገው ሾሟቸው። ሊትማን ያን ጊዜ የሠላሳ ዓመት ሰው ነበሩ። አብረዋቸው የመጡት ሕንፃ ነዳፊዎቹ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ፣ እንዲሁም ሐኪሙ ኤሪሽ ካሽከ ነበሩ። ክሬንከር ሐውልቶቹንና የፈረሱትን ቤተ መንግሥቶች ለክተው ነደፉ፤ ፎን ሉፕከ ከሕንፃ ሥራቸው ሌላ ፎቶግራፍ አነሡ፤ ካሽከ በሽተኞችን እያከሙ በሰም በተሠራ ማጠንጠኛ ላይ ድምፅ ቀዱ። የአካባቢው ገዥ ደጃዝማች ገብረ ሥላሴ ያደረጉላቸውን ርዳታም መጥቀስ ይገባል። ሥራቸው እስከ ሚያዝያ 1906 ቆየ፤ ውጤቱ በአራት ጥራዞች የታተመው ግን ከሰባት ዓመት በኋላ በ1913 ነው፤ አራተኛው ጥራዝ የሊትማን የጽሑፎች ጥራዝ ነው።

እነዚህ ጥራዞች ዛሬ ምን ያህል እንደሚያስፈልጉን ለማሳየት ታእካ ማርያም የተባለውን ቤተ መንግሥት መጥቀስ ይበቃል። ጉዞው መሠረቱን ቆፍሮና ለክቶ ነድፎት ነበር፤ በኋላ በጣልያን ወረራ ጊዜ መንገድ በላዩ ተሠርቶ አብዛኛው ጠፋ። ያ ትልቅ ሕንፃ ምን ይመስል እንደ ነበር ስንጠይቅ መልሱን የምናገኘው በዋናነት ከክሬንከር ንድፍ ነው።

እርስዎም ራስዎ ጥቂት ቢሞክሩት ጽሑፍዎ ሕይወት ያገኛል። በድንጋይ ላይ ጽሑፍ ወዳለበት ስፍራ ሲሄዱ ማለዳ ወይም ከሰዓት በኋላ መገባደጃ ላይ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ በቀትር ብርሃን የማይታይ ፊደል በጎን ብርሃን ጥላ ጥሎ ይወጣል። ከዚያ የሊትማንን ንባብ ሳያዩ በዓይንዎ ያረጋገጡትን ፊደል ብቻ በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ የተሰበረውን ወይም የተፋቀውን ባዶ ይተዉት። መጨረሻ ላይ ከታተመው ጋር ያስተያዩ። በታተመው ንባብ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የሚገኙት ፊደላት ሊቁ በግምት የሞሏቸው ናቸው፤ በዚያ ቅንፍ ውስጥ ያለውን እንደ ተረጋገጠ ነገር አድርጎ መጥቀስ በዚህ ሙያ ከባድ ጥፋት ነው። ድንጋዩን ግን በፍጹም አያርጥቡት፣ በጠመኔ አያድምቁት፣ አይፈግፍጉትም፤ የወረቀት ቅጂ መውሰድ እንኳ ዛሬ ድንጋዩን ስለሚጎዳ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይደረግም።

የዐረብኛውን ሊቅና የድንጋዩን አንባቢ አለመነጣጠል

ስለ ሊትማን የተጻፉ አጫጭር ታሪኮች ሰውየውን ለሁለት ይከፍሏቸዋል፤ በአንድ አንቀጽ የዐረብኛ ተርጓሚ፣ በሌላው የጥንታዊ ጽሑፍ መርማሪ ያደርጓቸዋል። ይህ ክፍፍል ሕይወታቸውን ያደበዝዛል። ከአክሱም በፊት በ1899 እና በ1900 ሆዋርድ ክሮስቢ በትለር በመሩት የአሜሪካ ጉዞ ወደ ሶርያ ሄደው ነበር። ከደማስቆ ደቡብ ምሥራቅ እስከ ዛሬዪቱ ዮርዳኖስ ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጋው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በረሃ፣ ከእስልምና በፊት የነበሩ ዘላኖች በእጃቸው በጫሯቸው ጽሑፎች የተሞላ ነው፤ ዛሬ ከ30,000 በላይ ተመዝግበዋል። ሊቃውንት ሳፋዊ ይሏቸዋል። ጆሴፍ ሃሌቪ ፊደሉን መፍታት ጀመሩ፤ የሊትማን መምህር ፍራንዝ ፕሬቶሪዩስ ጨመሩበት፤ ሊትማን በ1901 የቀሩትን ለይተው የ28ቱን ፊደላት ዋጋ አሟሉ።

ፊደል መፍታት እንዴት እንደሚቻል ለአንባቢው በምሳሌ ያስረዱ እንጂ «ፈቱት» ብለው አይለፉ። ከእነዚህ ጽሑፎች አብዛኞቹ «ለእገሌ፣ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ» እያሉ የሚሄዱ ናቸው። በየጽሑፉ መጀመሪያ ላይ አንድ ምልክት እየተደጋገመ ከመጣ «ለ» መሆኑ ይጠረጠራል፤ በስሞች መካከል እየተመላለሱ የሚገኙት ሁለት ምልክቶች በዐረብኛ ልጅ ማለት የሆነውን «ብን» ይሰጣሉ፤ ከዚያ ከዐረብኛ የሚታወቁ ስሞች አንድ በአንድ ሌሎቹን ፊደላት ያስገኛሉ። እንግዲህ የዐረብኛ የስም አወጣጥን፣ የትውልድ አቆጣጠርንና የዘላን ኑሮን ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው ይህን ሊሠራ አይችልም ነበር። ግእዝ ለሚያውቅ አንባቢ ደግሞ «ለ» እና የስም ሰንሰለት እንግዳ አይሆኑበትም፤ ይህን ቅርበት ይጠቀሙበት።

የጽሑፎቹ ይዘት ራሱ ልብ የሚነካ ነው። አንዱ ግመሎቹን የት እንዳሰማራ ይጽፋል፤ ሌላው ስለ ሞተ ወንድሙ እንዳዘነ ይጽፋል፤ ሌላው አላት የተባለችውን አምላክ ደኅንነት ይለምናል። ሊትማን አክሱም ከመድረሳቸው ጥቂት ወራት በፊት፣ በ1905፣ በኤርትራ ደጋ በመንሳዕ አገር በገለብ ተቀምጠው የትግረ ተናጋሪዎችን ተረት፣ ዘፈንና ሙሾ ይሰበስቡ ነበር። እኔ ይህን ሕይወት ብጽፍ የሳፋን የኀዘን ጽሑፎችና የትግረን ሙሾዎች በአንድ ምዕራፍ አቀርባቸዋለሁ፤ ከብት አርቢ ሕዝብ ሟቹን በስም፣ በአባት ስምና በሥራው እየጠራ ሲያለቅስ ሰውየው በአንድ በኩል በድንጋይ ላይ አነበቡ፣ በሌላ በኩል በጆሯቸው ሰሙ። የሊትማን ሊቅነት ከሕያው አንደበት እንጂ ከመጽሐፍ ብቻ አለመምጣቱን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። በ1922 በገዛ አገራቸው ሰሜን እየጠፋ የነበረውን የቫንገሮገ ደሴት የፍሪዝኛ አንደበት ተረቶች ማሳተማቸውም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው።

የቀረውን የዐረብኛ ሥራ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በ1908 በተመሠረተው የካይሮ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ ከተማሪዎቻቸው አንዱ በኋላ ስመ ጥር ግብፃዊ ጸሐፊ የሆኑት ጣሃ ሑሴን ነበሩ። የአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ትርጉማቸው ከ1921 እስከ 1928 በስድስት ጥራዝ ወጣ፤ መሠረቱም በካልካታ ከ1839 እስከ 1842 የታተመው የዐረብኛ ቅጂ ነው። በትንሹ እስያ በሰርዴስ የተገኘውን የሊዲያና የአራማይስጥ ጽሑፍም በ1916 አሳትመዋል። እነዚህን በሁለት አንቀጽ ቢጨርሷቸው ታሪኩ አይጎድልበትም።

ከጎን የነበሩትን በስማቸው መጥራት

በእንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ የአገሬው ሰው «አንድ አስተርጓሚ» ወይም «የአካባቢው ረዳት» እየተባለ ይታለፋል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የሊትማን የትግረ ሥራ ያለ ናፍዕ ወድ ዕትማን ሊታሰብ አይችልም። ናፍዕ በስዊድን ሚሲዮን የተማሩ ወጣት ነበሩ፤ ከሕዝባቸው አንደበት ተረቱን፣ ዘፈኑንና ሙሾውን ሰብስበው ጻፉ፤ ሊትማን ከአገሩ ከወጡ በኋላም መሰብሰባቸውን አላቆሙም። በኋላ ራሳቸው ሊትማን ያስተምሩበት ወደ ነበረው ወደ ሽትራስቡርግ ሄደው አብረዋቸው ሠሩ። በ1909 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከተሳፈሩበት መርከብ ላይ ጠፍተው ቀሩ። ከ1910 እስከ 1915 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጉዞ ስም የታተሙት የትግረ ጥራዞች የሁለቱ ሰዎች ሥራ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። በገለብ የነበሩት የስዊድን ሚሲዮናዊ ሪቻርድ ሱንድስትሮምም ሊትማንን የረዱ፣ በ1906ም በአዱሊስ የቆፈሩ ሰው ናቸው።

በአማርኛ ስንጽፍ አንድ የተለየ ኀላፊነት አለብን። ቋንቋችን አንቱታንና አንተታን ስለሚለይ፣ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው ፈረንጁን ሊቅ «መጡ፣ አነበቡ» እያልን የአገሬውን ሰው «መጣ፣ ረዳው» እንላለን። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት አክብሮት ይጻፉ። ሁለቱንም አንቱ ማለት ወይም ሁለቱንም በአንተታ መተረክ የጸሐፊው ምርጫ ነው፤ መቀላቀል ግን በአንባቢው ፊት ሳይነገር የተላለፈ ፍርድ ነው።

እንዲሁም መጻሕፍቱ እንዴት ከአገር እንደ ወጡ ይጠይቁ። ሊትማን ለአሜሪካዊው ሰብሳቢ ለሮበርት ጋሬት የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎችንና የክታብ ጥቅሎችን ገዝተዋል፤ ዛሬ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። የተገዛውን ተገዛ ብሎ፣ ሻጩ ከተመዘገበ ሻጩን ጠቅሶ መጻፍ ይበቃል፤ ማስረጃ የሌለው ክስም ሆነ ማስረጃ የሌለው ማስተባበያ ታሪክ አይሆንም።

ዘመንን መቍጠር

ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ጽሑፎችን ያበላሻል። ሊትማን የተወለዱት በኦልደንቡርግ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1875 ነው። ዛሬ የለመድነውን፣ መስከረም 1 በተለመደው ዓመት ሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ሴፕቴምበር 12 የሚውልበትን አቆጣጠር ይዞ የሚሄድ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት በ19ኛው መቶ ዓመት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ነበርና። በዚያ ዘመን አዲስ ዓመት በተለመደው ዓመት ሴፕቴምበር 10፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ይውል ነበር። 1867 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን የነበረችበት ስለሆነ መስከረም 1 ቀን 1868 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ላይ ዋለ፤ የሊትማን ልደትም መስከረም 6 ቀን 1868 ዓ.ም. ይሆናል። ያረፉት በቱቢንገን ሜይ 4 ቀን 1958፣ ማለትም ሚያዝያ 26 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። የአክሱም ጉዞ በ1898 ዓ.ም. ውስጥ ተጀምሮ ያለቀ ነው። በጽሑፍዎ አንዱን አቆጣጠር መርጠው እስከ መጨረሻው ይጽኑበት፤ ሌላውን የሚጨምሩት ልደት፣ ሞትና ዋና ዋና ክንውኖች ላይ ብቻ ይሁን።

ወንበሮቹንና ደብዳቤዎቹን መመርመር

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የተለመደው የትምህርትና የሹመት ታሪክ የሚመጣው። በሃለ ከፕሬቶሪዩስ፣ በሽትራስቡርግ ከቴዎዶር ኖልደከ ተምረዋል፤ በ1906 የኖልደከን ወንበር ወረሱ፤ ከዚያ በጐቲንገንና በቦን አስተማሩ፤ ከ1921 ጀምሮ ቱቢንገን ነበሩ። አንድ ገጽ ይበቃዋል። ነገር ግን በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡባቸውን ከ1933 እስከ 1945 ያሉትን ዓመታት በዝምታ አይለፏቸው። በዚያ ዘመን በጀርመን ያስተማረ ሊቅ ሁሉ ስለ ተባረሩ ባልደረቦቹ ምን አደረገ፣ ምን ጻፈ የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከአድናቂዎች ንግግር ሳይሆን ከደብዳቤዎችና ከዩኒቨርሲቲ መዛግብት ይፈለግ።

የሊትማን የግል ወረቀቶች በበርሊን የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በጀርመን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ተማሪዎች እዚህ ላይ ከማንም የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ጀርመንኛውንም ሆነ በወረቀቶቹ ውስጥ የሚገኙትን የግእዝ፣ የአማርኛ፣ የትግርኛና የትግረ ቃላት ሊያነቡ ይችላሉና። ከመሄድዎ በፊት ለክፍሉ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የምትፈልጉትን ሳጥን ቁጥር ከመዝገቡ አስቀድመው ያውጡ፤ የድሮውን የጀርመን የእጅ ጽሑፍ ለማንበብም ጥቂት ሳምንታት ይለማመዱ። ካሽከ የቀዷቸው የአክሱም ድምፆችም በበርሊን የድምፅ መዝገብ ተጠብቀዋል።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሁለት ሰዎች ያስነብቡት። አንደኛው ግእዝን ከነአገባቡ የሚያውቅ የቅኔ መምህር ይሁን፤ ከኢዛና ጽሑፍ የጠቀሱትን እያንዳንዱን ቃል እንዲያይልዎ ይለምኑት፤ በትርጉም ብቻ የሠራ ሰው የሚስተውን እርሱ ወዲያው ያገኘዋል። ሁለተኛው የአክሱም ተወላጅ ቢሆን መልካም ነው፤ የጥንቶቹ ቤተ መንግሥቶች እንዳ ሚካኤል፣ እንዳ ስምዖንና ታእካ ማርያም የት የት እንደሆኑ፣ ዛሬ በላያቸው ምን እንዳለ፣ ሰዉም ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ከካርታው የበለጠ ይነግርዎታል። የሰጡዎትን እርማት ከነስማቸው፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው፣ በጽሑፉ ውስጥ ያስገቡ።